ከአባይ እስከ አባይ በሳይክል

ጎጃምን ካርታ ላይ ብታዩት አባይ ዙሪያውን ይዞታል። ከጣና ይወጣል፤ በምሥራቅ ይወርዳል፤ በደቡብ ይታጠፋል፤ በምዕራብ አድርጎ ወደ ሱዳን ይነጉዳል። የእኛ ሐሳብ ታዲያ ቀላል ነበር። ከደቡቡ አባይ ተነስቶ፣ ጎጃምን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ፣ ሰሜኑ አባይ ላይ መውጣት። በሳይክል። ከጎሐ ጽዮን ባሕር ዳር፣ በፍኖተ ሰላምና በዳንግላ በኩል፣ 380 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአውቶቡስ ቢሆን ጠዋት የተሳፈረ ሰው ከሰዓት በኋላ ይደርሳል።

ጊዜው ጥር 2011 ነው። ያን ጊዜ በዚህ መንገድ የሚያስፈራን አይሱዙ ብቻ ነበር። አሁን ቢሆን ቤተሰብም ከበር አያስወጣን።

ጓደኛዬ ጋራዥ ነው የሚሠራው፤ እኔ ቢሮ ተቀምጬ የምውል ሰው ነኝ። ሳይክሎቹ መርካቶ የተገዙ ያገለገሉ ናቸው። ፈትቶ የገጠማቸው እሱ ነው። ከኋላ በሶ፣ ጋቢ፣ ትርፍ ከመነዳሪ፣ ማስቲሽ፣ መንፊያና መፍቻዎች አሰርን። ድንኳን አልያዝንም። ጎጃም ውስጥ ለመሸበት ሰው ማደሪያ አይጠፋም ብለን ነው። እውነትም አልጠፋም።

ጥር 19፣ እሑድ፦ ጎሐ ጽዮን – ደጀን

የአባይ በረሃ ቁልቁለት ፔዳል አይፈልግም። የሚፈልገው ፍሬን ነው። መንገዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል። አፈሩ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየቦታው ተጨማዷል። በመኪና ስትሄዱ ወዝወዝ አድርጓችሁ ያልፋል። በሳይክል ግን እያንዳንዷ እጥፋት የእጅ አንጓ ላይ ታርፋለች። በየኩርባው እየቆምን ቸርኬውን በጣታችን ነካ እናደርጋለን። ይፋጃል። የተቃጠለ የፍሬን ላስቲክ ሽታ ቀኑን ሙሉ ከአፍንጫችን አልወጣም። ዝንጀሮዎቹ ጠርዙ ላይ ተደርድረዋል። መኪና ሲመጣ ብስኩት ይጣልልን እንደሆነ ብለው ይነሳሉ። ለእኛ አንዱም አልተነሳም።

ላይ ጋቢ ለብሰን ተነስተን፣ ታች ስንደርስ ሸሚዙም በዛብን።

ወንዙ ላይ ሁለት ድልድይ አለ። አንዱ አሮጌው ነው። ሌላው በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው የሕዳሴ ድልድይ ነው፤ በገመድ የተወጠረ፣ 303 ሜትር የሚረዝም። ጥበቃዎቹ ፎቶ አያስነሱም።

«ከየት ነው?»

«ከአዲስ አበባ።»

«ወዴት?»

«ባሕር ዳር።»

አንደኛው ሽቅብ ወደ ደጀን አየ። ከዚያ ሳይክሌን በአገጩ እያሳየ «በዚህ?» አለ።

ከድልድዩ ወዲያ ያለው ታሪክ ግፊያ ነው። ሳይክሉ እኛን መሸከሙ ቀረና እኛ እሱን መግፋት ጀመርን። ውሃችን ግማሽ መንገድ ላይ አለቀ። «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ሲባል ስሰማ ነው ያደግኩት። እዚህ ዳገት ላይ ግን ተረት አይደለም። ወንዙ ከታች ይታያል፣ ጉሮሮ ደርቋል። የአንድ ሲኖትራክ ረዳት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ኋላውን ያዙ!» አለን። እንዲህ ተንጠልጥለው ዳገት የሚወጡ ልጆች አሉ። ጓደኛዬ ግን ፍሬን የበጠሰ መኪና ስንቱን ስለሠራ እጁን አወዛወዘና አሳለፋቸው። በኋላ መኪናዋ ጥግ ይዛ ሞተር ስታበርድ ደረስንባት። ረዳቱ አልተቀየመም። ከጄሪካኑ ውሃ ቀዳልንና «ብያችሁ ነበር» አለ።

ደጀን የገባነው ለዓይን ሲይዝ ነው። አልጋ የያዝንበት ቤት ባለቤት እግራችንን አይተው ሙቅ ውሃ በሳፋ አመጡ። ጨው በትነውበታል። ሳይጠየቁ ነው፤ ሒሳብም አልጠየቁበትም።

ጥር 20፣ ሰኞ፦ ደጀን – ደብረ ማርቆስ

ስለዚህ ቀን ብዙ የምለው የለኝም። ሜዳ ነው፣ የጤፍ አገር ነው፣ ንፋሱ ደግሞ ከፊት ነው። በየአውድማው ውቂያ ነው። በሬዎቹ ይዞራሉ፣ እብቁ እየተነሳ ዓይናችን ውስጥ ይገባል። ሉማሜ ላይ ሻይ በዳቦ። ሕፃናት ከየማሳው እየሮጡ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» ይላሉ። ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ማለታቸው ነው። ባዶ ፕላስቲክ የሚሰጥ መንገደኛ ያወቁት ከመኪና መስኮት ስለሆነ፣ እኛም በእጃችን ስናቀብላቸው ግራ ተጋቡ።

የጨሞጋ ወንዝን ተሻግረን ማርቆስ ገባን። ጥንት መንቆረር ትባል የነበረችው ከተማ ናት። በ1873 ዓ.ም. የጎጃም ንጉሥ ተብለው የነገሡት የተክለ ሃይማኖት መቀመጫ ነበረች። ቤተ መንግሥታቸውን ለማየት አስበን ነበር። እግራችን አልተስማማም። ተጋቢኖ በልተን ተኛን።

ጥር 21፣ ማክሰኞ፦ ደብረ ማርቆስ – ፍኖተ ሰላም

አስተርእዮ ማርያም ናት። ጎጃም በዚህ ቀን አያርስም፣ አይወቃም። አማኑኤል ስንደርስ መንገዱ ነጭ በነጭ ሆኗል። ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሰ ነው። በቀኝ በኩል ጮቄ ይታያል። የዛሬዎቹ ወንዞች ውሃ በብዛት ከዚያ ተራራ ነው የሚመጣው። በአውቶቡስ ስሄድ እነዚህን ወንዞች ልብ ብያቸው አላውቅም። በሳይክል ግን እያንዳንዱ ወንዝ አንድ ቁልቁለትና አንድ ዳገት ነው። ጭን ይቆጥራቸዋል።

ከተምጫ ዳገት ወጥተን ደምበጫ ሳንደርስ የእኔ የኋላ ጎማ ተነፈሰ። ጓደኛዬ በአምስት ደቂቃ ቀየረው። ትንሽ እንደሄድን የተቀየረውም ተነፈሰ። ሁለተኛው ትርፍ ሲነፋ በአፉ በኩል ተቀደደ። መለጠፍ ነው እንግዲህ። ማስቲሹ ሲከፈት ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ዕቃውን የሸጠልን ሰው ጆሮው ምን ያህል ጮኾ እንደሆን እሱ ያውቃል።

ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ዱላ በትከሻቸው ያጋደሙ ሽማግሌ አጠገባችን ቆሙ። ሰላምታው ረዘመ። አገራችንን፣ ጤናችንን፣ የአዲስ አበባን ዝናብ ሳይቀር ጠየቁ። ከዚያ ወደ ጎማው ዞሩ።

«ጎሚስታው ደምበጫ ነው። ግን ማርያም ናት፣ ማን ይሠራላችኋል?»

«ታዲያ ምን ይሻላል አባቴ?»

«ጠበል ቅመሱዋ መጀመሪያ።»

ቤታቸው ከመንገዱ ብዙም አይርቅም። ጎረቤት ተሰብስቧል። ጠላው በጣሳ ይዞራል። ባለቤታቸው እንጀራውን ጠቅለል እያደረጉ «በሞቴ» ይላሉ። አንድ ጉርሻ እንቢ ማለት ሌላ ሁለት ያመጣል። መሀል ላይ ሽማግሌው ቁና ቁና መተንፈሳችንን ታዝበው ኖሮ «መኪና ጠፍቶ ነው?» አሉ። መልስ አልነበረንም። ለመዝናናት ነው ብንል የማይገባ ነገር ነው። እሳቸው ራሳቸው ገላገሉን። «ስለት ነው?» አሉ። ጓደኛዬ አንገቱን ደፍቶ «እንደ ስለት ነው» አለ። ቤቱ በሙሉ ገባው። ከዚያ ወዲያ ማንም ምንም አልጠየቀም፤ ጉርሻው ብቻ ጨመረ።

የልጅ ልጃቸው ሳይክል አለው። ማስቲሽም አለው፣ ያውም ትኩስ። ሳፋ ውሃ መጣ። ከመነዳሪውን ነፍተን እየነከርን አዞርነው። እንግዳው ሁሉ ጣሳውን ይዞ ሳፋውን ከበበ። አንዲት ቀጭን የአረፋ ክር ብቅ አለች። «ይቻትና!» አሉ ሽማግሌው። አውራ ጣታቸውን ቀዳዳው ላይ አሳርፈው፣ ጓደኛዬ ጎማውን አድርቆ እስኪፍቀው ድረስ አላነሱም። እሾሁን ከውጭ ጎማው ውስጥ ያገኘውም ልጁ ነው። የግራር እሾህ ነው፣ ጫፉ ብቻ ወደ ውስጥ ገብቷል። ሁለቱንም የቀደደው እሱ ኖሯል።

ስንነሳ ፀሐይ ዘቅዝቃለች። ብር ወንዝን ስንሻገር መሽቷል። አንድ ባለባጃጅ ሁኔታችንን አይቶ ከኋላችን በቀስታ እየነዳ መብራቱን አበራልን። ፍኖተ ሰላም መብራቷ ሲታይ ጥሩምባውን ነፍቶ አለፈን።

ጥር 22፣ ረቡዕ፦ ፍኖተ ሰላም – እንጅባራ

ማንኩሳን ከማየታችሁ በፊት ታነጥሳላችሁ። ጥር የበርበሬ ወቅት ነው። በየደጁ ተሰጥቷል፣ በየጆንያው ይጫናል። ነጋዴዎች አፍና አፍንጫቸውን በሻሽ አስረው ይመዝናሉ። አንዲት ሴት ከክምሩ ላይ ግንጥል እያደረጉ የነጣውን ይለያሉ። ዛላውን ጆሯቸው አጠገብ አድርገው ነቅነቅ ያደርጉታል። ፍሬው ከተንኮሻኮሸ ደርቋል ማለት ነው። ዝም ካለ ተመልሶ ፀሐይ ላይ። እንባችንን እየጠረግን ይህን ስናይ ከት ብለው ሳቁብን። «የከተማ ዓይን!» አሉ።

በዚህ መንገድ በ1933 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ቡሬን ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲሸሽ፣ የእንግሊዝና የኢትዮጵያ አነስተኛ ጦርና አርበኞች ያሳድዱት ነበር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴም በጎጃም አቋርጠው ነው ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ የገቡት። እኛ የምንሄደው በተቃራኒው ነው። እዚህ ጋ ሽሽቱ ቁልቁል፣ የእኛ ሽቅብ። ወደ ቡሬ የሚያስገባውን ዳገት ስወጣ ጣሊያኖቹ ቢያንስ በዚህ በኩል ዕድለኞች ነበሩ ብያለሁ።

ምሳ ሽሮ ነው፣ ረቡዕ ስለሆነ። ድንችም አለ። በዚህ አገር ድንች ሁልጊዜ አለ።

ከጥሊሊ ወዲያ አየሩ ተለወጠ። ብርዱ መጣ፣ ቀርከሃው መጣ። ከሁሉ በላይ ግን ከሰሉ መጣ። አዊ ውስጥ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ግራር ማሳው ላይ ይተክላል። ጥቂት ዓመት ያሳድገዋል፣ ይቆርጠዋል፣ እዚያው ያከስለዋል፣ ከዚያ እህል ዘርቶበት ዛፉን መልሶ ይተክላል። የከሰሉ ጆንያ በመንገዱ ዳር ግድግዳ ሠርቷል። ከሰል ሲባል ደን ጭፍጨፋ ብቻ ይታየኝ ነበር። እዚህ ግን ከሰሉ እንደ ባቄላ የሚዘራ ሰብል ነው።

ዘንገና ሐይቅ ከመንገዱ ጥቂት ገባ ይላል። እሳተ ገሞራ የቆፈረው ጉድጓድ ነው፤ ጥልቀቱ ከ160 ሜትር በላይ እንደሆነ ይነገራል። ዙሪያው ደን ነው። እግራችንን ነከርን። ውሃው አጥንት ይሰብራል።

ጥር 23፣ ሐሙስ፦ እንጅባራ

ዛሬ ሳይክል የለም። ይህን ቀን አስበንበት ነው የመጣነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23፣ በጊዮርጊስ፣ በዓሉን እንጅባራ ላይ ያከብራል። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። በዓድዋና በኋላም በጣሊያን ወረራ ጊዜ ፈረሰኞችና ፈረሶች ለዋሉት ውለታ መታሰቢያ ነው።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ፈረሰኛው ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። የአንዱ ልጓም ቀይ ክር፣ የሌላው ቢጫ፣ የሌላው ሁሉንም። አማርኛው ጠፍቶ አውኚው ነው የሚሰማው። ሜዳው ላይ ጉግስ አለ፣ ሽምጥ ግልቢያ አለ፣ ሶምሶማ አለ። እኔ የወደድኩት ሶምሶማውን ነው። ግልቢያውን ማንም ያደንቃል። ሶምሶማ ግን ፈረሱ መሮጥ እየፈለገ አለመሮጡ ነው። አንድ አዛውንት ጎኔ ሲያልፉ አየሁ። ጀርባቸው ቀጥ ብሏል። እጃቸው ላይ ያለው ልጓም ላልቷል። ፈረሱ ግን ከአንገቱ እስከ ኋላው ይንቀጠቀጣል። ምን እንደያዘው አይታይም።

ሳይክሎቻችንን ግቢ አጥር ላይ አስደግፈን ነበር። ስንመለስ ሁለት ወጣት ፈረሰኞች ቆመው ያዩዋቸዋል። አንዱ ማርሹን እየነካካ «ይህ ስንት ይሄዳል?» አለ። ጓደኛዬ ነገረው። ልጁ ፈረሱን አየ፣ ሳይክሉን አየ፣ «ዳገት ላይስ?» አለ። ወሬውን ቀየርን።

ጥር 24፣ ዓርብ፦ እንጅባራ – መርዓዊ

በብዛት ቁልቁል የሆነ ቀን። አዲስ ቅዳምን አለፍን፣ ዳንግላ ላይ ቡና ጠጣን። ዳንግላ ውስጥ ከ1925 እስከ 1934፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ሮበርት ቺዝማን የሚባል የእንግሊዝ ቆንስል ተቀምጦ ነበር። ጣናንና የአባይን ሸለቆ እየዞረ ካርታ ያነሳው እሱ ነው፤ በበቅሎና በእግር። እዚህ ስደርስ ለሰውዬው ያለኝ አክብሮት ጨመረ።

ከዳንግላ ወዲያ ወንዞቹ ፊታቸውን አዙረዋል። እስካሁን የተሻገርናቸው ወደ ደቡቡ በረሃ የሚወርዱ ነበሩ። እነዚህ ወደ ጣና ነው የሚሄዱት። ዱርቤቴን አልፈን ወተት አባይ ላይ ግልገል አባይን ተሻገርን። መርዓዊ በጊዜ ገባን፣ በጊዜ ተኛን።

ጥር 25፣ ቅዳሜ፦ የቆጋ ቦይ – ባሕር ዳር

ከመርዓዊ ባሕር ዳር በአስፋልት አጭር ነው፤ ወደ 35 ኪሎ ሜትር። እኛ ግን ጠዋቱን ለቆጋ ሰጠነው። ቆጋ የግልገል አባይ ገባር ነው። በአፍሪካ ልማት ባንክ ብድር የተገነባው የአፈር ግድብ ከ80 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ይይዛል፤ 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ ታስቦ ነው የተሠራው። ዋናው ቦይ ብቻ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል።

ከቦዩ ጎን ለጥገና መኪና የተሠራ የጠጠር መንገድ አለ። ይህን ያህል ቀን ዳገት ስንገፋ ከርመን እዚህ መንገድ ላይ ስንወጣ ሳቃችን መጣ። ዳገት የለም! ቦይ የሚሠራ ሰው ብልሃቱ ቁልቁለቱን ቆጥቦ መጠቀም ነው። ውሃው እንዲሄድ ያህል ብቻ ያዘነብለዋል። ኮረብታ ሲመጣ አይወጣውም፣ ይዞረዋል። እኛም አብረን እንዞራለን። ቅጠል ውሃው ላይ ወድቆ አየሁና ፍጥነቴን ከእሱ ጋር አስተካከልኩ። ፔዳል መምታት እንኳ አያስፈልግም ነበር ማለት ይቻላል።

በግራ በኩል ስንዴ፣ ሽንኩርት፣ ጥቅል ጎመን፣ ድንች። በጥር! ከቦዩ በላይ ያለው መሬት ግን ገለባ ብቻ ነው። መስመሩ በቢላ የተቆረጠ ነው የሚመስለው። በየመሀሉ የውሃ ማቆሪያ ኩሬ አለ። ዋናው ቦይ ሌት ተቀን ይፈሳል፤ ገበሬው የሚያጠጣው ግን ቀን ነው። የሌሊቱ ውሃ በየክፍሉ ባለው ኩሬ ይጠራቀምና ጠዋት ይለቀቃል።

አንድ ገበሬ ሱሪውን ሰብስቦ ድንቹ መሀል ቆሟል። ውሃው በትልሙ መጣ። እሱ አካፋውን ይዞ ይጠብቃል። ትልሙ ጫፍ ድረስ ሲሞላ አንድ አካፋ ጭቃ አንስቶ አፉን ደፈነው። ቀጥሎ ያለውን በአንድ ምት ከፈተው። ውሃው ሳይቆም ዞረ። ዓይኑ ግን አካፋው ላይ አልነበረም፤ ላይኛው ማሳ ላይ ነው።

«ምን ታያለህ?» አልኩት።

«ጎረቤቴን ነዋ። ተራው ከሰዓት በኋላ ነው፣ እጁ ግን ጠዋት ጠዋት ያሳክከዋል።»

ተራውን የሚያስጠብቁት የውሃ አባቶች ናቸው። ቀላል ሥራ አይመስለኝም። ሲሚንቶው በየቦታው ተሰንጥቋል፣ አንዳንዱ የውሃ መዝጊያ በር ተሰብሮ በድንጋይ ተተክቷል። ታች ያሉት ውሃ ሲያጥራቸው ባሕር ዛፍ ይተክላሉ። ባሕር ዛፍ ተራ አይጠብቅም፣ ገንዘብም አለው። ይህን ሁሉ ወጪ ያስወጣ መስኖ ውስጥ አጣና ቆሞ ማየት ያናድዳል። ገበሬውን ግን ለመውቀስ አልደፈርኩም።

ወደ አስፋልቱ ተመልሰን ከሰዓት በኋላ ባሕር ዳር ገባን። እዚህ ከተማ ውስጥ ሳይክል ብርቅ አይደለም። እስካሁን በየመንደሩ ስንታይ ነው የመጣነው። ባሕር ዳር ውስጥ ግን ማንም ዞር ብሎ አላየንም። ዘንባባው ሥር አንዲት ተማሪ ጓደኛዋን ከኋላ ጭና አለፈችን። ቀጥሎ ኮትና ባርኔጣ ያደረጉ፣ ዶሮ በመሪው ላይ ያንጠለጠሉ አዛውንት ማርሽ በሌለው ሳይክል አለፉን።

ከተማውን አቋርጠን አባይ ድልድይ ደረስን። ያን ጊዜ ያለው አሮጌው ብቻ ነው፤ አዲሱ ሰፊ ድልድይ የተመረቀው በ2016 ነው። ጎጃም እዚህ ያልቃል። ወዲያ ማዶ ሌላ አገር ነው። ተሻገርን፣ ተመለስን። ሁለታችንም ርቦን ስለነበር ብዙ አልቆምንም፤ ዓሣ ፍለጋ ሄድን።

በማግስቱ መናኸሪያ ክርክር ነበር። ጫኙ ልጅ ለሳይክል የሰው ዋጋ ካልከፈላችሁ አለ። ጓደኛዬ «አይቀመጥ፣ አይተኛ፣ ምን ሆኖ ነው የሰው ሒሳብ?» ይላል። ጫኙ «ቦታ ይይዛላ!» ይላል። ከጎናችን ሁለት በግ የሚያስጭኑ ሰው ነበሩ። ስንት ከፈሉ ብለን ጠየቅናቸው። የሁለቱ በግ ሒሳብ ከአንድ ሳይክል ያንሳል። ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ ጫኙን ሊጋፈጥ ዞረ። ጫኙ ግን ጣሪያው ላይ ወጥቶ ገመዱን እየሳበ ነው። «በግ ይታረዳል!» አለ ከላይ። «ይሄንን ማን ይበላዋል?»